በዳዊት ማኅደር የደበቅኳቸው ልብ ወለዶች

ሰው መዋሸቱ ካልቀረ ለትልቅ ነገር ቢዋሽ ደግ ነበር። ለሥልጣን የሚዋሽ አለ፣ ለፍቅር የሚዋሽ አለ። እኔ የዋሸሁት ልብ ወለድ ለማንበብ ነው። የዋሸሁትም በፍልሰታ ጾም፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ በፈጣሪ ስም ነው። ለዚህ ውሸት ልከፍል የነበረው ደግሞ የአራት ዓመት ልጄን ነው። አንዳንዶቻችሁ ይህን ስታነቡ ከአሁኑ ከንፈራችሁን እንደምትመጥጡ አውቃለሁ። ሰቆጣም ያኔ በደንብ መጥጣለች፤ ለምጄዋለሁ።

ዘመኑ የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ሰቆጣ ከተማ አራተኛ ክፍል አስተምር ነበር። በርቀት ትምህርት ዲፕሎማዬን እማራለሁ። ሰላም የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅና ይታያል የሚባል የአራት ዓመት ልጅ አሉኝ። ባሌ አስፋው የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ለሥራ ወደ አበርገሌ ቆላ ይወርዳል፣ ይወጣል። ከእኛ ጋር የሚኖሩት እናቱ እማ ወለላ የቄስ ባለቤት የነበሩ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ እርሳቸው ግን በእኛ ቤት ቅስናውን ወርሰው ቀጥለውበታል።

የዚያን ጊዜውን ቀኔን ዘርዝሬ አላሰለቻችሁም። እናት የሆነ ያውቀዋል፤ ያልሆነ ቢነግሩትም አያምንም። ከማስተማር ስመለስ ቤት፣ ከቤቱ ሥራ ሳርፍ ሞጁል። የርቀት ትምህርት ሞጁል የሚባለውን ነገር ያነበበ ካለ ያዝንልኛል። አንዱን አረፍተ ነገር በሦስት ገጽ አሥር ጊዜ የሚደግም፣ ሰው ዳግመኛ ንባብ እንዳይወድ ታስቦ የተጻፈ የሚመስል ወረቀት ነው። ግን ሞጁል ሳነብ ቤቱ ጸጥ ይልልኝ ነበር። «እናታችሁ እያጠናች ነው» ይባላል። ሞጁል የደመወዝ እርከን ያስጨምራላ።

ልብ ወለድ የያዝኩ ቀን ግን ሌላ ነው። አስፋው «ምነው፣ ሥራ ፈታሽ?» ይላል። እርሱ ራሱ ከምሳ በኋላ ጋዜጣ ፊቱ ላይ ከድኖ ያንኮራፋል፤ ይህ በቤታችን «አስፋው እያነበበ ነው» ይባላል። እማ ወለላ ደግሞ ልብ ወለድን «ተረት» ነው የሚሉት። አንድ ቀን የምወደውን መጽሐፍ ስፈልግ ውዬ የእንሥራ መክደኛ አድርገውት አገኘሁ። ልክክ ብሎ ገጥሞ ነበር፣ አልዋሽም። ከወልድያ መጥታ አብራኝ ታስተምር የነበረች ጓደኛዬ ስትዛወር አምስት ልብ ወለድ ትታልኝ ሄዳለች። በሁለት ዓመት ውስጥ ያነበብኩት የአንዱን ግማሽ ነው። እርሱንም ሽንት ቤት ቁጭ ብዬ።

በሐምሌ መጨረሻ ገደማ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እማ ወለላ ስለ አንዲት ጎረቤታችን ያወሩ ነበር። ሴትዮዋ በየዓመቱ ፍልሰታ ሲገባ ቤቷን ዘግታ በማርያም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ካሉት ጎጆዎች በአንዱ ሱባኤ ትይዛለች። ሰባት ቀን ሙሉ ከቅዳሴ በቀር አትወጣም፤ ቆሎና በሶ ይወሰድላታል፤ ማንም አይረብሻትም። እማ ወለላ «የታደለች» አሉ። እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። ሰባት ቀን። ማንም አይረብሻትም። አፌ ከኔ ቀድሞ «እኔም እኮ ዘንድሮ አንድ ሱባኤ ልይዝ አስቤ ነበር» አለ።

ቤቱ ተለወጠ። እማ ወለላ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አስፋው «ምን ችግር አለ? ልጆቹን እኔና እማ እናያለን» አለ። «ምን ችግር አለ» የምትለዋን ቃል ከአፉ ስሰማ በትዳራችን የመጀመሪያዬ ነበር። እማ ወለላ የሟች ባላቸውን የብራና ዳዊት ከነቆዳ ማኅደሩ ከግድግዳው አውርደው «በዚህ ጸልዪልን» ብለው መርቀው ሰጡኝ። ለንባብ አንዲት ሰዓት የነፈገኝ ቤት ለጸሎት ሰባት ቀን በምርቃት ሰጠኝ። ናቅኳቸው፤ ከልቤ ናቅኳቸው። የዋሸሁት እኔ ሆኜ የናቅኩት እነርሱን ነው።

ነሐሴ አንድ ቀን ገባሁ። ዳዊቱን ከማኅደሩ አውጥቼ በነጠላ ጠቀለልኩትና ከበሶው ከረጢት ሥር አስቀመጥኩት። በማኅደሩ ሁለት ልብ ወለድ ገባ፤ ሦስቱን በልብሴ መሃል ሸጎጥኩ። በበሩ ቀዳዳ ብርሃን የሚገባበት፣ አንድ ሰው ተኝቶ የሚተርፍ ቦታ የሌለው ጎጆ ነው። ከእኔዋ በጭራሮ ግድግዳ ብቻ በተለየችው ጎጆ እማሆይ የሚሏቸው አሮጊት መነኩሲት ይኖራሉ። የፃግብጂ ሰው ናቸው፤ አፋቸውን የፈቱት በኽምጣንጋ ስለሆነ አማርኛ የሚናገሩት ቃሉን እየቆጠቡ ነው። ሰላምታ ሰጥተውኝ ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ።

ስለ እነዚያ ቀናት እውነቱን ልንገራችሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። «እማ» የሚለኝ የለም፣ ሽሮ አልቋል የሚለኝ የለም። ቅዳሴ ሲሆን ሄጄ እቆማለሁ፤ ቆሜም የማስበው ባሏ ሌላ ከተማ ሁለተኛ ትዳር እንዳለው ልትደርስበት ስለተቃረበችው የልብ ወለድ ሴት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመልሼ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ አነባለሁ። በሁለት ቀን አንዱን ጨረስኩ። በግቢው ያሉትን ሱባኤተኞች እያየሁ በሆዴ እስቅ ነበር። ግማሾቹ የመጡት ከሚስታቸው፣ ግማሾቹ ከአለቃቸው ለማረፍ እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ። ሌባ ሰው ሁሉ ሌባ ይመስለዋል።

ቆሎና ውኃ የሚያመጣልኝ አስፋው ነው፤ ሰላም አብራው ትመጣለች። በሦስተኛው ቀን አንዳቸውም አልመጡም። ደስ አለኝ፤ ማንበቤን ሳላቋርጥ ዋልኩ። በአራተኛው ቀን አስፋው ብቻውን መጣ። ፊቱ ፈካ ብሏል። «ጸሎትሽ ይሰማል፣ በርቺ» ብሎኝ ሄደ። እንግዳ ነገር ነው፤ አስፋው እንዲህ ዓይነት ቃል የሚናገር ሰው አይደለም። ለምን እንዳለ ግን አልጠየቅኩም። የልብ ወለዱ ሴትዮ የባሏን ሁለተኛ ቤት በር ልታንኳኳ ነበር።

በአምስተኛው ቀን እንደገና መጣ። በሩን አልከፈተም፤ ከውጭ ቆሞ «ለልጆቹ ጨምረሽ ጸልዪ» አለኝ። ድምፁ ደርቋል። ያቆምኩበት ገጽ እንዳይጠፋኝ ጣቴን በመጽሐፉ መሃል እንዳስገባሁ «እሺ» አልኩት። ቶሎ ቢሄድልኝ ብዬ ነው። ከእማሆይ ጋር ዝቅ ባለ ድምፅ ሲነጋገር ሰማሁ፤ ስለ ጸሎት መሰለኝና ወደ ንባቤ ተመለስኩ። ባሌን፣ አማቴን፣ ከተማውን ሁሉ የምንቅበት አፍ ካለኝ ለዚያች «እሺ» ምን ዓይነት ንቀት እንደሚበቃ አላውቅም።

በስድስተኛው ቀን ረፋድ ላይ እማሆይ ከጎጆዬ ደጃፍ መጥተው ቆሙ። መጽሐፉን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

«አትሸፍኚ» አሉኝ። «ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ። ብራና ሲገለጥ ድምፁ ከባድ ነው። የአንቺ ወረቀት ነው፤ እሱም ይፈጥናል። ዳዊት እንዲያ አይገለጥም።»

ይገስጹኛል፣ ለካህናቱ ይናገሩብኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ነፍስሽ የራስሽ ናት፤ ለእሷ አልመጣሁም» አሉ። «ልጅሽ ታሟል። ትንሹ። አራተኛ ቀኑ ነው። ባልሽ ሱባኤዋ እንዳይሰበር አይንገሯት ብሎኝ ነበር። የአንቺን ጸሎት አምነው ቤት አስተኝተውታል። ጸሎት እንደሌለ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ይህን ይዤ ማደር አልችልም።»

ጫማዬን አድርጌ ይሁን ሳላደርግ እንደወጣሁ አላስታውስም። ዝናብ አባርቶ መንገዱ ጭቃ ነበር። ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። የሚያውቁኝ ሰዎች ሱባኤ የያዘች ሴት ስትሮጥ አይተው ሲያማትቡ አየሁ።

ቤት ስደርስ ጎረቤት ተሰብስቧል። ይታያል መደብ ላይ ተኝቷል። የደነቀኝ ነገር፣ አያተኩሰውም፤ ግንባሩ ቀዝቃዛ ነው። አየኝና ፈገግ ለማለት ሞከረ። የሆነውን አስፋው ባጭሩ ነገረኝ። በሦስተኛው ቀን አንቀጥቅጦት አተኮሰው። በአራተኛው ተወውና ተነሥቶ በላ፤ ጸሎቴ ተሰማ ተባለ። በአምስተኛው ብሶ ተመለሰበት፤ ፈተና ነው ተባለ። ዛሬ ደግሞ ይኸው ለቆታል። ጠበል ተረጭቷል፣ የቀረው የእኔ ሱባኤ መፈጸም ብቻ ነው።

ለአፍታ፣ ልደብቃችሁ አልፈልግም፣ ለአፍታ ላምን ፈልጌ ነበር። ደህና ነው ብዬ ልመለስ። ማንም ሳያውቅብኝ ሰባተኛውን ቀን ልጨርስ። ከዚያ ልጁን አቀፍኩት። አንገቱ አልጸና አለ። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል፤ ከንፈሩ ወረቀት መስሏል። አሁን ንቀቴን በልኩ ላድርገው። በየዓመቱ ለአራተኛ ክፍል ልጆች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ትንኝ እሥላለሁ። አንድ ቀን ይዞ አንድ ቀን የሚለቅ ትኩሳት ምን እንደሆነ አስጽፋቸዋለሁ፣ እፈትናቸዋለሁ። ባሌ በወር ሁለት ጊዜ ቆላ የሚወርድ ሰው ነው። በሐምሌ እኔ የርቀት ትምህርቱ ፈተና ሲኖርብኝ ይታያልን ይዞት አበርገሌ፣ ኒሯቅ ወርዶ ከሳምንት በላይ የቆየው ራሱ ነው። ሁለት የተማሩ ወላጆች ያሉት ልጅ በወባ ሊሞት ነው።

«ጤና ጣቢያ እንውሰደው» አልኩ።

እማ ወለላ በሩ ላይ ቆሙ። «አንድ ቀን ነው የቀረው። ነገ ሲፈጸም ልጁ ይነሣል። ሱባኤ ሰብረሽ መጥተሽ ልትገድይብኝ ነው?»

አስፋውን አየሁት። ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ «እማ እውነቷን ነው» አለ። «አይተነዋል እኮ። ከትናንት ወዲያ ተነሥቶ በላ፣ ዛሬም ለቆታል። እባክሽ ተመለሽና ጨርሺው።»

ጎረቤቶቹ በለሆሳስ ደገፉት። የሚገርመው ክፋት የለባቸውም። ልጁን ይወዱታል። በበሩ በኩል ላልፍ ብሞክር ልጁን ከእጄ ተቀብለው እኔን ወደ ማርያም የሚመልሱኝ ለልጁ ብለው ነው። ስለ ወባ ብናገር አይሰሙኝም፤ የእኔ ጸሎት ከእኔ ሳይንስ በልጦባቸዋል። ይህን እምነታቸውን የሚያፈርሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«አልጸለይኩም» አልኩ።

የሰማኝ ያለ አልመሰለኝም። ደገምኩት። «ስድስት ቀን ሙሉ አልጸለይኩም። ልብ ወለድ ሳነብ ነበር። የገባሁትም ለእሱ ነው። እማ፣ የሰጡኝ ዳዊት ከበሶው ከረጢት ሥር ነው ያለው፤ አንድ ቀን አልከፈትኩትም። ማኅደሩ ውስጥ ያለው የእኔ ተረት ነው። ለዚህ ልጅ የተጸለየ ጸሎት የለም።»

እማ ወለላ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። በጣም ቀስ ብለው፣ «ታዲያ ዛሬ ማን አሻለው?» አሉ።

«ማንም አላሻለውም። ወባ ነው። ወባ አንድ ቀን ይለቃል፣ አንድ ቀን ይይዛል። ነገ ይመለሳል።»

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው አስፋው ነው። ልጁን ከእጄ ተቀብሎ በጋቢው ጠቅልሎ እናቱን በትከሻው ገፍቶ ወጣ። ከኋላው ሮጥኩ። በመንገድ ላይ አላየኝም። ስድብ ብጠብቅ ስድብ የለም፤ ትንፋሹን ብቻ እሰማለሁ።

የጤና ጣቢያው ነርስ ደም ቀድቶ አየና ወደ ቆላ ወርዶ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። አስፋው ኒሯቅ ይዞት እንደወረደ ነገረው። ስንት ቀን እንዳተኮሰው ጠየቀ፤ ነገርነው። ነርሱ አንዴ እርሱን፣ አንዴ እኔን ተመለከተ። «ሁለታችሁም የመንግሥት ሠራተኞች ናችሁ አይደል?» አለ። ሌላ ስድብ አላስፈለገውም። በማግስቱ ትኩሳቱ እንዳልኩት ተመለሰ፤ ልጁ ራሱን ስቶ ዋለ። መርፌውና ግሉኮሱ ባይቀድሙት ኖሮ ያ ቀን፣ ሱባኤዬ የሚፈጸምበት ሰባተኛው ቀን፣ የመጨረሻው ነበር። ይህን ያለው ነርሱ ነው። ከሰዓት በኋላ ላብ ላብ ብሎት ዓይኑን ገለጠና ውኃ ጠየቀ።

አስፋውና እኔ ከውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠናል። ከትናንት ጀምሮ ያልተናገረኝ ሰው ያን ጊዜ ተናገረ።

«ለምን አልነገርሽኝም? ማንበብ እፈልጋለሁ ብትይኝ ምን ነበረበት?»

«ብነግርህ ስንት ቀን ትሰጠኝ ነበር?»

አስፋው ብዙ ጉድለት አለበት፤ ሲጠየቅ ግን አይዋሽም። ጉልበቱን እያሸ አሰበ።

«አንድም» አለ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ከተማውን ዞረ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ተባለልኝ። ልብ ወለድ ልጇን ሊበላባት ነበር ተባለ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ በዓመት አንድ ገጽ የማያነብ ሰው፣ መጽሐፍ ሰውን እንደሚያበላሽ ድሮም እንደሚያውቅ ነገረኝ። ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ፤ የሰጡኝን ስግደት ሰገድኩ፤ በውሸቴ ይገባኝ ነበር። በንባቤ ግን አልተናዘዝኩም። እርሳቸውም አልጠየቁኝም።

አንባቢዎቼ፣ በተለይ እናት የሆናችሁና ከሥራችሁ በላይ የምትማሩ፣ ይህን ታሪክ ለማስፈራሪያ እንዳትወስዱት። ልጄን ሊገድል የነበረው ልብ ወለድ አይደለም። ትንኝ ናት፣ ቀጥሎ የእኛ ድንቁርና ነው፣ ቀጥሎ የእኔ ውሸት ነው። ውሸቱን የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ለማንም አላካፍልም። ግን ለጋዜጣ እንቅልፍ፣ ለዳማ፣ ለወሬ፣ ለጸሎትም ጊዜ ያለው ቤት ለአንዲት ሴት ደስታ አንድ ሰዓት ሲያጣ ሴቲቱ ሌባ ትሆናለች። እኔ ሆኛለሁ። ከዚያ በኋላ ተደብቄ አንድ ገጽ አላነበብኩም፤ ሽንት ቤትም ጭምር።

በሚቀጥለው ዓመት ፍልሰታ ሲገባ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ዱካ አውጥቼ የመንገዱ ሰው ሁሉ በሚያየኝ የግቢያችን በር ላይ ተቀመጥኩና ልብ ወለድ ገለጥኩ። ዳዊቱ በማኅደሩ ውስጥ ሆኖ ወደ ግድግዳው ተመልሷል፤ እማ ወለላ ግን ከእኔ ጋር ከአስፈላጊ ቃል በላይ አይነጋገሩም። ይታያል ቀሚሴን እየጎተተ ነው። እማ ወለላ ብቅ አሉና አዩኝ።

«ዘንድሮ ሱባኤ አትገቢም?» አሉ። ሽሙጥ ነው።

«አልገባም እማ። እዚሁ ነው የማነበው።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«አንድ ሰዓት ያህል።»

ልጁን በክንዱ ይዘው ወደ እርሳቸው ሳቡት፣ ዱካ አምጥተው ከፊት ለፊቴ ተቀመጡና ጠባቂ ሆኑብኝ። ሰዓቱ እስኪያልቅ በየደቂቃው፣ እንድሰማላቸው ጮክ አድርገው፣ በረጅሙ ተነፈሱ። እያንዳንዷን ትንፋሽ ሰማሁ፣ ገጹንም ገለጥኩ።